ቆሪቻ ያልኩት መርዝ

የወባ ረጪ ሆኜ በተቀጠርኩ ቀን የተረከብኩት ዕቃ ይህ ነበር፤ አንድ የመርጫ ፓምፕ ከነማንገቻው፣ ባልዲ፣ የወባ ትንኝ ማጥፊያው ዱቄት መስፈሪያ ጣሳ፣ ሰፊ ቆብ፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፈንበት ጨርቅ። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ከሚሴ ላይ ከተቀጠርነው መካከል አማርኛ ጽሕፈትና ኦሮምኛ አጣምሬ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማስተርጎሙም በእኔ ላይ ወደቀ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ቆቡን ገበያ ስወጣ ሁሉ አደርገው ነበር።

አለቃችን ከደሴ የመጡ፣ ቁጡ ግን ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«ቤት ከመግባትህ በፊት መርዝ መሆኑን ንገር» አሉኝ። «እህልና ውሃ ይውጣ። የተረፈውን ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበር። ለሰው ጠብታ የሰጠ በዚያው ቀን ይባረራል።»

እናቴንና ሁለት እህቶቼን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩና የመጨረሻዋን ቃል በደንብ ያዝኳት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጨፋ ሸለቆ መንደሮች እየዞርኩ እንደታዘዝኩት «ሱሚ ነው» አልኩ። ሱሚ በኦሮምኛ መርዝ ማለት ነው። ሰዉ በሩ ላይ ቆሞ «ሱሚ ከሆነ ከእኔ ቤት ምን ይሠራል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ በገዛ ቤቱ መርዝ የሚያስረጭ ማን አለ? ማታ ስመለስ አለቃዬ «ዛሬም ለምነህ ባዶ እጅህን ተመለስክ?» እያሉ በጓደኞቼ ፊት ያሳፍሩኛል።

አንድ ቀን ቃሉን ቀየርኩት። «ቆሪቻ ነው» አልኩ፤ መድኃኒት ነው። በአማርኛም ተባይ የሚገድለውንም በሽተኛ የሚያድነውንም መድኃኒት እንላለን አይደል? አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሩ ይከፈት ጀመር።

ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማትርቅ አንዲት መንደር መጀመሪያ የከፈቱልኝ እመት ዘሀራ ነበሩ። ባለፈው ዓመት ባላቸውን ወባ ገድሎባቸው ብቻቸውን ቀርተዋል። ቆሪቻ የሚለውን ቃል እንደሰሙ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። እንስራውንና የእህሉን ስልቻ ራሳቸው ተሸክመው አወጡ። ጎረቤቶቻቸው እሳቸውን አይተው ተከተሉ። እኩለ ቀን ሳይሞላ መንደሩ በሙሉ ተረጨ፤ አለቃዬም «ምላስህ ቤት ያስከፍታል!» ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ፓምፑን ሳጥብ እመት ዘሀራ ቅል ይዘው መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ከዚህ ቆሪቻ ትንሽ ጣል አድርግልኝ። ላሚቱን መዥገር ፈጃት።»

ላሟ የርቢ ነበረች። ባለቤቷ የመንደሩ ጭቃ ሹም ናቸው፤ እመት ዘሀራ እየጠበቋት ወተቷን ይጠጣሉ። መርዝ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ጠዋት ቆሪቻ ነው ያልኩት እኔው ነኝ። አሁን ሱሚ ነው ብል መንደሩን ምን እለዋለሁ? ከባልዲው ሥር የረጋውን ወፍራሙን ገልብጬ ሰጠኋቸው።

«ላዩን ብቻ ይቀቧት» አልኩ።

«አላህ ያክብርህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ላሚቱ የተቀባችውን ላሰችው። ስትንቀጠቀጥ ሁለት ቀን ከርማ ሞተች።

ጭቃ ሹሙ አለቃዬንና እኔን አስጠርተው ከመስጊዱ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ሽማግሎቹን ሰበሰቡ። እመት ዘሀራ «እሱ ነው የሰጠኝ። ቆሪቻ ነው ብሎኝ ነው» አሉ። ለአለቃዬ ተረጎምኩላቸው። ዞር ብለው «ሰጥተሃታል?» አሉኝ።

«አልሰጠሁም» አልኩ። «ዕቃ ሳጥብ ቀድታ ይሆናል።»

ይህንንም ለሽማግሎቹ በኦሮምኛ የመለስኩት እኔው ነበርኩ። በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ።

ጭቃ ሹሙ ወደ እመት ዘሀራ ዞሩ። «ምስክር አለሽ?»

«ከአላህ በቀር የለኝም።»

በዚያ አገር ደንቡ የታወቀ ነው፤ ከሳሽ ምስክር ካጣ የካደው ይምላል። በማለ ሰው ላይ ነገር አይመለስም። ጭቃ ሹሙ «እንግዲያው ማል» አሉኝ።

ማልኩ። ወላሂ አልሰጠሁም አልኩ፤ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እመት ዘሀራ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ሄዱ። አለቃዬ «ምን አሉ?» ሲሉኝ «ነገሩ አልቋል» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ዙር፣ በኅዳር፣ ወደዚያች መንደር ስንመለስ ሴቶቹ የተረጨውን ግድግዳ በጭቃና በእበት መርገው አገኘናቸው። ይህ መርዙን ስለሚሸፍነው በጥብቅ የተከለከለ ነበር። «ላም የሚገድል ምን ዓይነት ቆሪቻ ነው?» ብለው በር ዘጉብን። አለቃዬ ፎርሙ ላይ «ሕዝቡ አልተባበረም» ብለው ጻፉ፤ «ለራሳቸው ጥቅም እንኳ የማያስቡ!» እያሉም ተማረሩ። ምክንያቱን አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

አንድ በር ብቻ ተከፈተ፤ የእመት ዘሀራ። ከቤታቸው ጀርባ የሌላው ሰው ማሽላ ታጭዶ ተከምሯል። የእሳቸው እንደቆመ ወፍ ጨርሶታል። ሰርቃ የሰው ላም ገደለች ተብለው ለደቦ የሚመጣላቸው ሰው ጠፍቶ ነበር። 

«ለእኔ ለምን ከፈቱልኝ?» አልኳቸው።

«ለአንተ መሰለህ? ወባው እንደሆነ፣ እሱ በሐሰት ማለ ብሎ አይምረኝ።»

ይቅር ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«እኔ ምን ላድርግልህ? የሆነውን አውቀዋለሁ። የማያውቁት እነዚያ ናቸው። እዚያ ማልክ፣ እዚያው ንገራቸው።»

ቤታቸውን ረጨሁ። ፓምፑን አንግቤ ወደ ግራሩ ሄድኩ። ጭቃ ሹሙም ሽማግሎቹም ተቀምጠዋል። ከመናገሬ በፊት መባረሬ፣ እናቴ፣ የሰዉ ሳቅ፣ ሁሉም ተግተልትሎ መጣብኝ። «አሰላሙ አለይኩም» አልኳቸው። ሁሉም ብድግ እያሉ ሰላምታዬን አሟልተው መለሱልኝ። የመጣሁበትን ሳልናገር አልፌያቸው ወደሚቀጥለው መንደር ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ የቡድን መሪም ሆንኩ። አዲስ ረጪ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማዘው መርዙን መርዝ ብሎ እንዲጠራው ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ለአንዱም አልነገርኩም፤ ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ እመት ዘሀራም ከሞቱ ቆይተዋል። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ሕዝቡ እምቢ ሲላችሁ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ከእናንተ መካከል ማን ምን ብሎ እንደነገረው ጠይቁ።