ክፍት የሚከርም በር

በቀዝቃዛ አገር የበረዶ ማሽንን ለክረምት ማሰናዳት ማለት ውሃው ቱቦው ውስጥ በረዶ ሆኖ እንዳያፈነዳው መጠንቀቅ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ እንዲህ ይላል። እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ላይ ግን የቧንቧ ውሃ በረዶ ሆኖ ያየ ሰው የለም፤ የእኛ ጠላቶች እርጥበትና የባሕር ጨው ናቸው። የባሕሩ ዳር ኪዮስኮች ኅዳር ላይ ሲዘጉ ሄደን ውሃውን እናቋርጣለን፣ የቀረውን በረዶ አሸዋው ላይ እንደፋለን፣ ውስጡ የጋገረውን ኖራ በአሲድ እናጥባለን፣ ከጀርባው አሸዋውን በብሩሽ ጠርገን ሁሉንም በጨርቅ እናደርቃለን። የመጨረሻው ሥራ ከሁሉም ይቀላል፤ የበረዶው ማጠራቀሚያ በር ክፍት እንዲከርም ማድረግ ነው። በሩ ወደ ላይ የሚነሣ ስለሆነ ሲለቁት በራሱ ይከደናል። ስለዚህ እኔ የታጠፈ ካርቶን እሸጉጥበት ነበር። አየር ካላገኘ እስከ ፋሲካ ይሻግታል።

ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሰሜናዊው የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ባለ አንድ ወርክሾፕ ተቀጥሬ ይህንኑ እሠራ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ከእኔ ጋር ሮቫ ዩድ ዛይን በሚባለው ሰፈር ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱና ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው፣ ጠዋት ጸልየው ከሕንጻው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማታ ከዚያው ይነሣሉ። መጀመሪያ ያለቀባቸው ጉልበት ሳይሆን ወሬ ነበር። ማታ ስገባ «ዋልህ?» ይሉኛል፣ ከዚያ በላይ የሚነግሩኝ የለም። ይህ ያስፈራኝ ነበር።

አንድ ኅዳር የሥራ ጓደኛዬ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር ግዳጅ፣ ተጠራና ብቻዬን ቀረሁ። «አባ፣ ባልዲ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ» አልኋቸው። ባልዲ ለመያዝ ሰው አያስፈልገኝም ነበር።

«ኅዳር ላይ ደግሞ ምን ክረምት አለ?» አሉ። «የዚህ አገር ነገር ሁሉ ግልብጥ ነው።» ግን ተነሡ። አለቃዬም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ እኔ ሳልነቃ ጫማቸውን አድርገው ይጠብቁኝ ጀመር። ጎረቤት ሰላም ሲላቸው «ነገ አቮዳ አለኝ» ይላሉ፤ ከዕብራይስጥ አጥርተው የሚናገሯት ቃል ይህች «ሥራ» የምትለዋ ብቻ ነበረች። ስሰማቸው ሆዴ በደስታ ይሞላ ነበር። በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው ከጎንደር ይዘውት የመጡትን የወይራ ዱላ ይይዛሉ። አሸዋው ሲከዳቸው እጄን ስዘረጋላቸው «ገና አልወደቅሁም» ብለው ያልፉኛል። ሥራው ሲያልቅ እኔ ዕቃዬን ወደ መኪናው ስወስድ ባልዲውን አጥበው ከኪዮስኩ መጨረሻ የሚወጡት እሳቸው ነበሩ።

ፋሲካ ሲቃረብ ማሽኖቹን ልቀሰቅስ ሄድሁ። አባቴ ያን ቀን የሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው ብቻዬን ነበርሁ። የመጀመሪያውን በር ባነሣው ሽታው መለሰኝ። ግድግዳው በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኗል። የኪዮስኩ ባለቤት አፍንጫውን ይዞ «ሥራ የምትለው ይህን ነው? ሌላ ቴክኒሻን አመጣለሁ» አለኝ። ነፋሱ ካርቶኑን ጥሎት ይሆናል አልሁ። ሁለተኛው ኪዮስክም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ካርቶኔን አገኘሁት፤ በደንብ ታጥፎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ማሽኑ አናት ላይ ተቀምጧል። ካርቶን በሲባጎ አስሮ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ ቤት እንስራም ሆነ ማሰሮ ሳይከደን አያድርም ነበር። ክፍቱን ያደረ ውሃ ይደፋል እንጂ አይጠጣም፤ ለአባቴ ይህ የንጽሕና ሕግ ነው። ክረምቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ ዕቃ ሲያዩ እንዴት አስችሏቸው ይለፉ?

ቁጡ ሰው ነኝ፤ አልክድም። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳሰናዳ ነዳሁ። ቤት ስደርስ ከሐኪም ተመልሰው፣ ባልዲውን አጠገባቸው አድርገው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ነገ ወዴት ነን?» አሉኝ።

ብነግራቸው ወደዚያ አግዳሚ ተመልሰው ዳግም እንደማይነሡ አወቅሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ «ነገ ዕረፍት ነው አባ» አልሁ። በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ፣ የአባት ዕዳ ለልጅ ነው እያልሁ ሻጋታውን ስፈገፍግ ዋልሁ። ባለቤቶቹንም ለምኜ ታረቅኋቸው።

ቀጣዩ ኅዳር መጣ። ሌላ ሻጋታ ከተገኘ ለምኜ እንኳ የሚምረኝ እንደሌለ አውቃለሁ። አባቴን ሳላስቀይም እንዴት እንደምነግራቸው ሳውጠነጥን ሰነበትሁ። የመጀመሪያውን ማሽን አድርቀን ስንጨርስ ካርቶኔን ሸጎጥሁና ወሬ አስመስዬ ጀመርሁ።

«አለቃዬ ዘንድሮ አዲስ ነገር ነግሮኛል። በሩ ክፍት ካልከረመ ይሻግታል አለ።»

አባቴ ካርቶኑን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«ዘንድሮ ነው የነገረህ?»

«ዘንድሮ ነው።»

«አምና ሸቶ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልሆነ፣ አባ።»

ባልዲውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። «በሩን ሳትከድን ረስተኸው የሄድህ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ባለቤቱ አይቶ እንዳይቆጣህ ብዬ፣ አንተ ከወጣህ በኋላ ሁሉንም ከደንሁልህ። እንዳታፍር ብዬ ደግሞ ሳልነግርህ ቀረሁ።»

እኔ የእሳቸውን ጥፋት ደበቅሁላቸው ብዬ ዓመቱን ሙሉ ስኮራ፣ እሳቸው ከኋላዬ እየተከተሉ የእኔን ሲደብቁልኝ ኖረዋል። አሁን ከእንግዲህስ አልመጣም ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

አባቴ ካርቶኑን ስበው አወጡና በጣታቸው ጨመቁት። «ይህ ዝናቡ ሲመጣ ይበሰብሳል» አሉ። የወይራ ዱላቸውን አግድም አድርገው የማሽኑ አፍ ላይ አጋደሙት፤ በሩ መጥቶ ዱላው ላይ አረፈ።

«ዱላዎስ?» አልሁ።

«ቤት ሌላ አለኝ።»

ቤት ሌላ ዱላ የለም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

መኪናው ከአሸዋው ማዶ ቆሟል። ትንሽ አዩትና ወደ እኔ ጠጋ ብለው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። «ፋሲካ ሲደርስ መጥተን እናወጣዋለን» አሉ። መኪናው ዘንድ እስክንደርስ አልለቀቁኝም።