ሳይቀመጡ የተሸኙት ሽማግሌ

ዛሬ አቶ በራሶን ሳሎናችን መሃል አስቁመን ዋልን። ደስታዬ ቤት አልበቃው ብሎ ነው እዚህ ልጽፍላችሁ የመጣሁት።

ልጄን ለልጅ ልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ወጉን ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም።

እናቴ «እንግዲያው ቁም በራሶ» አለቻቸው።

ታላቅ ወንድሟ ዱካሌ በጃንሆይ ጊዜ ከአገራችን ከቡሌ ወጥቶ መምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ የገባ ሯጭ ነበር። አቶ በራሶም አብረውት ሮጠዋል፤ ሁሌ የሚያዩት ግን ጀርባውን ነበር።

ኋላ አጎቴ ወታደር ሆኖ ድንበር ላይ ሞተ። የጦር ጓደኛው ለቅሶ መጥቶ፣ የቆሰለ ሰው ሊያነሳ ሲሮጥ እንደተመታ ተናገረ። አቶ በራሶ ግን ይህን በጆሯቸው ሰምተው ሳለ «ሲሸሽ ነው የተመታው» ብለው አስወሩ። እናቴ በየገበያው «የፈሪ እህት» እየተባለች አረጀች።

«ወንድሜ እንዴት ሞተ?» አለቻቸው።

«ተይ እንጂ፣ የድሮ ነገር ነው። ጉልበቴም መቆም አይችልም።»

«በራስህ ጉልበት ነው የመጣኸው፤ ቁም።»

አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ።

በመጨረሻ «የቆሰለ ሊያነሳ ሲሮጥ ሞተ። እኔ ዋሸሁ» አሉ።

«ድገመው፣ ጆሮዬ ደክሟል።» ጆሮዋስ ከኔ ይሻላል።

ደገሙት። እሷም ስለ ልጅቷ ሌላ ቀን ኑ ብላ ሸኘቻቸው።

ልጄ ልጁን ስለምትወደው አኩርፋናለች። እንድራታለን፤ ሽማግሌው ግን ገና ይመላለሳሉ።

የሟቻችሁን ስም ያጎደፈ ሰው ደጃችሁ መጥቶ ያውቃል? ምን አደረጋችሁት? ንገሩኝ፣ ለሚቀጥለው ምልልስ ሐሳብ እፈልጋለሁ።