ሃያ አራቱም ብርጭቆ በሰላም ገባ

አንድም አልተሰበረም! ሃያ አራቱም ብርጭቆ ከሆሳዕና አንጋጫ በሰላም ገባ። እንዴት ዋላችሁ ወገኖቼ?

በአሮጌዋ ሚኒባሳችን ገበያ ለገበያ እየዞርን ሻይ ስንሸጥ፣ በየጉዞው ሦስት አራት ብርጭቆ ይሰበርብን ነበር። አንድም ጉድጓድ እንዳያመልጠው የሚጠነቀቀው ሹፌር ባለቤቴ፣ «ዛሬ አንድ ከተሰበረ ከነገ ጀምሮ በፕላስቲክ ነው የምንሸጠው» ብሎ ፈረደ።

ሻይ በፕላስቲክ! ያውም ከእኔ እጅ!

እያንዳንዱን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ የልጆቹ ካልሲ ውስጥ ከተትኩት። «ኮፍያም አድርጊላቸው እንጂ፣ ይበርዳቸዋል» እያለ መንገዱን ሙሉ ሳቀብኝ።

አንጋጫ ስንደርስ ራሱ ቆጠረ። ሁለቴ። ከዚያ፣ «መንገዱን ሠርተውታል ማለት ነው» አለኝ።

እናንተስ በምን ጠቅልላችሁ ነው የምትጓዙት? ጻፉልኝ። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ሁላችሁም ቤታችን ኑ፤ ሻዩ በብርጭቆ ነው፣ ቀጂው እሱ ነው።