ክሩስኮት የሌላት አምጃድ፤ ከሐጅ ዩሱፍ ወደ ኦምዱርማን

ሐሙስ ጠዋት ከሰፈራችን ከኻርቱሙ ሐጅ ዩሱፍ የተነሣነው የጋሼ ወርቁን መኪና ክሩስኮት፣ ከመሪው ፊት ያለውን ገበታ፣ አስቆርጠን ትልቅ የጂፒኤስ ስክሪን ለማስገባት ነው። ሰኞ ከእረፍት በኋላ ትምህርት ይከፈታል። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ወርቁ የልጆቹን ቤት አንድ በአንድ አግኝተው ሁሉንም በሰዓቱ ትምህርት ቤት ካላደረሱ፣ የወላጅ ኮሚቴው የማመላለሱን ሥራ ለሌላ ሹፌር ይሰጣል። እኔ በዚያው በኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የምኖረውም እሳቸው ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። የመሣሪያውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ስላነበብኩት አብሬ መሄድ ግዴታዬ መሰለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ጋሼ ወርቁ ኻርቱም ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ መንገድ አይጠፋቸውም። የሚጠፋቸው ቤት ነው። ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ግንቡ ሁሉ የጭቃ ቀለም፣ በሩ ሁሉ አረንጓዴ ብረት ነው። የኛ ሰው ደግሞ ተከራይ ስለሆነ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዛሬ ከመስጊዱ ጀርባ የነበረ በወሩ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ይገኛል። ደውሎ መጠየቅ እንዳይቻል እናቶቹ ንጋት ላይ ሰው ቤት ሥራ ይገባሉ። ባለፈው የፈተና ቀን ሁለት ልጆች ቦርሳቸውን እንዳዘሉ በር ላይ ቀሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ አልማዝ ማስጠንቀቂያውን የሰጡት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ስልኬን መስታወቱ ላይ ለጥፌላቸው ነበር። "ይሄን ጉንዳን ማን ያነበዋል?" ብለው ነቀሉት። ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው ይህን ስትሰማ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያህል ስክሪን በመንገደኛ ላከች። ችግሩም መጠኑ ነው። የመኪና ሬዲዮ መክተቻ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቀጭን፣ ሌላው የዚያ እጥፍ። የጋሼ መኪና፣ እዚህ አምጃድ የሚሏት ትንሽ ቫን፣ ያላት ቀጭኑ ነው። ስለዚህ ካሴት ማጫወቻውን አውጥቶ፣ ዙሪያውን ፕላስቲክ ቆርጦ፣ ከጀርባው የሚያልፈውን የአየር ቱቦ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ልኩን በካርቶን ቆርጬ፣ ጠርዙን በማስመሪያ አስተካክዬ ይዣለሁ።

ባሕሪ፣ የጋራዦቹ ሰፈር

ፀሐዩ ሳይከር እንድረስ ብለን በኮበር በኩል ወጣን። ረክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ከግራም ከቀኝም ይገባሉ፤ ጋሼ ወርቁ ለሁሉም እጃቸውን እያነሡ ሰላምታ ይሰጣሉ። ባሕሪ ኢንዱስትሪ ሰፈር ስንደርስ ኤሌክትሪሺያኑ ዐብዱልባጊ ወርሻ በሚሉት ጋራዡ ደጃፍ ላይ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ካርቶኔን ሰጥቼ ማስረዳት ጀመርኩ። እሱም በትዕግሥት ሰማኝ፤ ስጨርስ በካርቶኑ ፊቱን ያራግብ ጀመር።

"ያ ኡስታዝ፣ እኔ በዓይኔ ነው የምቆርጠው" አለኝ።

"ልኩ እጅህ ላይ ነው እኮ።"

"አየዋለሁ፣ አየዋለሁ። ጥሩ ካርቶን ነው።"

ክሩስኮቱን ብሎን በብሎን ፈታ። ሱዳኖቹ ጠብሎን ይሉታል። አንዱ ወገን ብቻ ተቆርጦ ሳለ መጋዙ ቆመ፤ ከጎረቤት ወርሻዎች የሚሰማው መዶሻም አብሮ ጸጥ አለ። የፉጡር ሰዓት ነው። በዚህ አገር ቁርስ ረፋድ ላይ ይበላል፤ ሲበላም ሥራ የሚባል ነገር የለም። በትልቅ ሳሕን ፉል ከዘይት፣ ከሽንኩርትና ከአይብ ጋር ቀረበ። ጋሼ ወርቁ ቀድመው ተቀመጡ።

"መምህር፣ ና ቅመስ።"

"ጋሼ፣ ሥራው..."

"ሥራው አይሸሽም። ፉሉ ግን ይቀዘቅዛል።"

በላሁ። ጣፍጦኛል፤ ያም አናደደኝ።

ከፉጡር በኋላ ዐብዱልባጊ ሁለተኛውን ወገን ቆረጠ። በዓይኑ ስለቆረጠው አንድ ጣት ያህል ሰፋ። ካርቶኑን አንሥቼ ክፍተቱን አሳየሁት። "በጎማ እንደፍነዋለን" ብሎ የአየር ቱቦውን ሊያወርድ ሲጎነበስ ስልኩ ጮኸ። ኦምዱርማን፣ እሱ በሚኖርበት ሰፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ ማረፋቸውን ነገሩት። እጁን ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ።

"ማዕሌሽ፣ ይቅር በለኝ ያ ኡስታዝ። ቢካው ሦስት ቀን ነው። ከዚያ ኢንሻአላህ እንጨርሳለን።"

ቢካ የነሱ ለቅሶ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ቢካው የሚያበቃው እሑድ ማታ ነው፤ ለሰኞ ጠዋት አይደርስም። ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ወርቁ ቀደሙኝ።

"በል ግባ፤ እናድርስህ።"

"በምን?" አልኩ።

"በመኪናችን ነዋ።"

መሪው አለ፤ ሞተሩም ይሠራል። ሌላው ሁሉ ተፈቷል። ክሩስኮቱን ከኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው፤ መሣሪያዎቹን አብረን ጫንን። የፍጥነት ቆጣሪው ማሰሪያ ስላልነበረው እኔ ጭኔ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ።

የሸምባት ኮብሪ

ድልድዩ ላይ መኪና እንደ ተሰፋ ተጣብቆ ቆሟል። ከታች ዓባይ ሰፊና ቡናማ ሆኖ ይሄዳል፤ ከላይ እኛ አንሄድም። ከፊቴ ክሩስኮት መሆን በነበረበት ቦታ ባለ ብዙ ቀለም ሽቦ ተንጠልጥሎ ጉልበቴን ይኮረኩረኛል። መንገዱ ትንሽ ሲከፈት ጋሼ ወርቁ፣

"ስንት ላይ ነን?" አሉኝ።

ጭኔን አየሁ። "ዜሮ።"

"እንዴት ዜሮ?"

"ገመዱ ተነቅሏል ጋሼ። ለምን እንደሚነቀል ላስረዳዎት?"

"ተወው፤ ቀስ እያልን ነው።"

ከድልድዩ መውረጃ ላይ ሙሩር የሚሉት የትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። አንገቱን አስገብቶ ሽቦዎቹን፣ ከዚያ ቆጣሪውን፣ ከዚያ እኔን አየ። የመኪናዋን ወረቀትና የስክሪኑን መመሪያ አዘጋጅቼ ነበር። ዐብዱልባጊ ከኋላ ሆኖ "ወደ ቢካ ነን" አለ። ፖሊሱ "አላህ ይርሐሙ" ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳለፈን። መመሪያውን ሳልገልጠው መልሼ አጠፍኩት።

ኦምዱርማን፣ ድንኳኑ

ድንኳኑ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ተተክሏል። ቀብሩ አብቅቷል። መዳፋችንን ዘርግተን ለሟች ጸሎት አደረስን፤ እኛም በልባችን የራሳችንን አልን። ከዚያ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረን ተቀመጥን፤ ውሃ መጣ፣ ሻይ መጣ፣ እንደገና ውሃ መጣ። ዐብዱልባጊ ከሰፈሩ ሰዎች መሐል ሰምጧል።

ወደ ጋሼ ወርቁ ጆሮ ጠጋ አልኩ። "አንድ ሰዓት ቢሰጠን ይጨርሳል። ልጠይቀው?"

"ለቅሶ ቤት ገብቶ ባለሙያ መጎተት የት ያየኸው ነው?"

"ሰኞስ?"

"ሰኞ እንደ ፍጥርጥሯ።"

እንዲህ ይበሉ እንጂ ጣታቸው የመኪናውን ቁልፍ አልለቀቀም፤ እያገላበጡ ያሹታል። ከዚህ ሥራ ሌላ ምንም የላቸውም። በዚህ ዕድሜያቸው ከወጣቶች ጋር ገበያ ላይ ተሳፋሪ መሻማት አይችሉም። ይህን ስለማውቅ ያ ቁልፍ ማሸታቸው ከፖሊሱም፣ ከፉሉም፣ ከተበላሸው ቁርጥም በላይ አንገበገበኝ።

ከጎኔ የተቀመጡ ጢማም ሽማግሌ ወደኔ ዞሩ። "ሐበሻ ነህ? ሟቹን ታውቃቸው ነበር?"

"አላውቃቸውም።"

"ታዲያ ምን አመጣህ?"

መዋሸት አልሆነልኝም። በትምህርት ቤት ዐረብኛዬ ነገርኳቸው። አጭር መልስ መስጠት ባሕርዬ ስላልሆነም ከሁለቱ የመክተቻ ዓይነቶች ጀመርኩ። ስለ አየር ቱቦው ስደርስ ድንኳኑ ጸጥ ማለቱን አስተዋልኩ። ዐብዱልባጊ መሬት መሬት ያያል። ጋሼ ወርቁ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነዋል።

የሟቹ ልጅ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ከወዲያ ጥግ ተነሣ።

"መኪናዋ የት አለች?"

"ውጪ" አልኩት።

ወጣ። ተከትለውት ግማሹ ድንኳን ወጣ። ከጠዋት ጀምረው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሐዘኑንም ወሬውንም ጨርሰዋል። በመስኮቱ አንገታቸውን እያስገቡ ሁሉም ሐሳብ ሰጡ። አንዱ ቱቦውን ቁረጡት አለ፤ ሌላው የዱባይ ዕቃ ለኻርቱም ሙቀት አይሆንም አለ፤ አንዱ ደግሞ መኪናዋን ሽጠው አህያ እንዲገዙ ጋሼን መከራቸው። ልጅየው ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ዓይኑን ጠረገ።

"አባቴ ሎሪ ነጂ ነበር" አለ። "ቢኖር ከሁላችሁ ቀድሞ እዚህ ቆሞ ይጨቀጭቃችሁ ነበር። ዐብዱልባጊ፣ ያላ፣ መሣሪያህን አውጣ።"

ከድንኳኑ መብራት ላይ ገመድ ተሳበ። ዐብዱልባጊ የአየር ቱቦውን አወረደ፣ ትርፉን ክፍተት ከከመነዳሪ በተቆረጠ ጥቁር ጎማ ደፈነ፣ ሽቦዎቹን አገናኘ። ጎማው ትንሽ ይንጋደዳል። ስክሪኑን አበራሁት።

ግራጫ። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ግራጫ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ቀስት።

"ኸላስ፣ አበቃ" አለ አንዱ፤ "አገራችን ጠፋች።"

መሣሪያው ውስጥ ያለው ካርታ የዱባይና የአካባቢዋ ብቻ ነው። ለሱዳኑ ካርታ በስልኬ ገባሁ፤ ገጹ በአገርዎ አገልግሎቱ አይሰጥም አለኝ። ማዕቀብ ስላለ ብዙ ነገር እዚህ እንዲህ ይዘጋል። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ሰው ይህን አስቀድሜ አልጠየቅኩም። ዐብዱልባጊን ስወቅስ ውዬ የኔ ክፍተት ከሱ ሰፋ፤ በጎማም አይደፈንም።

የመልስ ጉዞ

ድልድዩን ስንሻገር ቀስቷ በግራጫው ላይ ትሳባለች፤ ወንዝም ድልድይም አታሳይም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ወርቁ ቀስቷን በጣታቸው መታ አደረጓት።

"መንገዱን ማን ጠየቀህ?" አሉ።

"እንዴት?"

"መንገዱን አውቀዋለሁ። ልጆቹ የት እንዳሉ ብቻ ያሳየኛል ወይ?"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ መመሪያው ላይ አለ። መሣሪያው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት እንጂ ከካርታው አይደለም። ስለዚህ ካርታ ባይኖርም በቆሙበት ቦታ ላይ ምልክት መትከል ይቻላል፤ ምልክቱም ከዚያ አይነቃነቅም። ይህን ሁሉ አብራራሁላቸው። እሳቸው "ይቻላል በለኝና ዝም በል" አሉኝ።

አርብና ቅዳሜ ሐጅ ዩሱፍን በየቅያሱ ዞርን። በየበሩ ቆመን አንድ ቀይ ባንዲራ እንተክላለን፤ ሥራው ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ነገር ግን "በሬ ድረስ መጥታችሁማ" ሳይባል የታለፈ ቤት የለም። የአንዷን ቤት ምስር ሳልውጥ የሌላዋ ጎመን ይጠብቀኛል። "መሣሪያው ይሞቃል፣ እንቸኩላለን" አልኩ ለአንዷ። "ይሙቅ፤ ወጡም ሙቅ ነው" አለችኝ። ቅዳሜ ሲመሽ በባዶው ግራጫ ላይ ዘጠኝ ባንዲራዎች ተተክለው ነበር።

ሰኞ

ወይዘሮ አልማዝ በዓይናቸው ሊያዩ ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ከልጆቹ ጋር ነኝ።

"መንገዱ የታለ?" አሉ ስክሪኑን እያዩ።

"መንገዱ ውጪ ነው" አሉ ጋሼ ወርቁ። "እዚህ ያሉት ልጆች ብቻ ናቸው።"

አንዱ ባንዲራ ከሌላው ቀጠለ፤ በሩ ሁሉ በመጀመሪያው ጡሩንባ ተከፈተ። ወይዘሮ አልማዝ ሰዓታቸውን ማየት ትተዋል። የቀረን ሔኖክ የሚባለው ልጅ ነበር። ቀስቷ ባንዲራው ላይ ወጣች፤ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤት ብቅ ብሎ ትናንት ቤት መልቀቃቸውን ነገረን።

ቅዳሜ እዚያ ቤት ሁለት ጊዜ አጉርሰውኛል፤ እሑድ እንደሚለቁ የነገረኝ የለም። ወይዘሮ አልማዝ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ግንባሬን ከወንበሩ ጀርባ ጋር አጋጨሁት።

ጋሼ ወርቁ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጠዋን ሴት በዐረብኛ ሰላም አሏት። ልጆቿን ጠየቁ፤ ጤናዋን ጠየቁ። በመቀመጫዬ ተቁነጠነጥኩ። ከዚያ ስለ ሔኖክ እናት ጠየቁ። ሴትየዋ ማንኪያዋን ወደ አንድ የአህያ ጋሪ ቀሰረች፤ ትናንት አልጋውን የጫነው እሱ ነው። ባለ ጋሪው ሁለት ቅያስ እየመራን ሄደና በአንድ አረንጓዴ በር ላይ አለንጋውን አመለከተ። ሔኖክ ቦርሳውን አዝሎ ደፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

በመንሺያ ድልድይ ተሻግረን የትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ዘበኛው ሊዘጋው ይዞት ነበር፤ ልጆቹ በሩጫ ገቡ። ወይዘሮ አልማዝ ወርደው መኪናዋን በመስኮት በኩል አዩአት።

"ሥራው የእርስዎ ነው ጋሼ" አሉ። ወደኔ ዞሩ። "ባንዲራው ግን ያንተ ነው፣ መምህር። ሰው ሲለቅ አንተ ታዛውራለህ።"

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ስንመልስ አዲሱ በር ላይ ቆመን የሔኖክን ባንዲራ ነቅዬ እዚያ ተከልኩት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በአጭሩ ልጻፍ፤ መሣሪያ የሚያውቀው ሰው የነበረበትን ነው፤ ያለበትን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ አሁን የቤት ኪራይ ወር ሲያልቅ እናቶቹ መጀመሪያ ለባለ ጋሪው ይደውላሉ፤ ቀጥሎ ለእኔ። አንዳንዷ እኔን ታስቀድማለች፤ አልጋውን በሌላኛው ወገን የሚይዝላት ሰው ስለሚያስፈልጋት።