የረቡዕና የዓርብ ራስ ምታት

እናቴን የማስታውሳት ራሷን በነጠላ ጥርቅም አድርጋ አስራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች ነው። ሁልጊዜ አይደለም፤ ረቡዕና ዓርብ ነው። በሌላው ቀን ትስቃለች፣ ትፈትላለች፣ ካሻት ከጎረቤት ትጣላለች። የጾም ቀን ሲሆን ግን ገና ረፋዱ ላይ ራሷን ይዛ ትወድቃለች። እኔ ያኔ የወተት ጥርሴ ያልረገፈ ልጅ ነበርኩ። «ጾም የሚጠላ ነገር አለባት» እያሉ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። እሑድም ቅዳሴ አያስጨርሳትም፤ ከመሀል ወጥታ ከዛፍ ሥር ትቀመጣለች። ይህም ታየ፤ ይህም ተወራ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ቤታችን ከቁሐር ሚካኤል ወዲህ፣ ክረምት ሜዳውን ውሃ ሲውጠው ብቻዋን ደረቅ ከምትቀር ጉብታ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን በእኛ አገር የካህንና የደብተራ ቤት ቡና አይጠጣም። ቡና የእስላም ነው፣ ካልሆነም የውቃቢ ነው ይባላል። አባቴማ ስሙም ከቤታቸው እንዲነሳ አይወዱም ነበር። ውቃቢ ሰው ላይ ሲሰፍር አስቀድሞ የሚጠይቀው ቡና ነው ብለው ያስተምሩ ነበርና።

አንድ ክረምት ሲወጣ እናቴን ጠበል ወሰዷት። አባቴ ራሳቸው ናቸው በበቅሎ የወሰዷት። ከሰነበቱ በኋላ በቅሎዋን እየሳቡ ተመለሱ፤ በቅሎዋ ላይ ሰው አልነበረም። «ጠበሉ ላይ አረፈች» አሉ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች እኔን አቅፈው ሲያለቅሱ ዓይናቸው እጄ ላይ ነበር። ውቃቢ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ያልፋል፣ ምልክቱም የእጅ መንቀጥቀጥ ነው ይባላል። ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ማየታቸው ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ከነጠላዬ ሥር መደበቅ ለመድኩ።

ለወረታ ሰው ተዳርኩ። ባለቤቴ ከብት የሚነግድ ገበሬ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤቱ መንገድ ዳር ስለነበር ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው የጭነት መኪና አቧራውን እላያችን ላይ ነስንሶ ይሄዳል። አማቴ ደግሞ ቡና ወዳጅ ናቸው። በዚያ ሰፈር እንደኛ አገር አይደለም፤ ነጋዴው ከሙስሊሙ ጋር አብሮ ውሎ አብሮ ያድራልና ክርስቲያኑም ጠዋት ጠዋት ጨው ነስንሶ ቡናውን ይጠጣል። ቄሶቹ ይቆጣሉ፤ ሰዉ ይስማማል፤ ቡናውም ይፈላል።

ከጫጉላ የወጣሁ ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ አቦሉ ለሙሽራዋ ተቀዳ። ምንም አልቀመስኩም፤ ባዶ ሆዴን ነኝ። አልጠጣም ብል ናቀችን ይሉኛል፤ ብጠጣ አባቴ ፊቴ ላይ ይመጡብኛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነውና ሌሎቹ ሲጠጡ አይቼ ጨለጥኩት። ኮሶ ነው የመሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ልቤ ከደረቴ ዘሎ ሊወጣ ደረሰ። ግንባሬን ላብ አጠመቀው፤ ፍንጃሉም በጣቶቼ መሀል ይንቀጫቀጭ ጀመር። የማስቀምጥበት አጣሁ።

«ኧረ እጇን እዩት!» አለች አንዷ።

የእናቴ ነገር ወረታ ድረስ ተሰምቶ ኖሯል። አማቴ ቀስ ብለው ተነሡና ከፊቴ ቆሙ። ዓይኔን አላዩም፤ የሚያዩት እጄን ነበር። «ማነህ?» አሉት። «ስምህን ተናገር እንጅ! ማነህ?»

ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። ከግድግዳው በቀር ማንም አልነበረም። ዛሬም፣ ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ አንድ ሰው በድንገት ማነህ ሲል ከሰማሁ ጀርባዬን ይበርደኛል።

እጄ ስም አልተናገረም። አማቴ ግን ነገሩን ለራሳቸው ፈቱት። ውቃቢው ቡና ፈልጎ ነው፤ ስጡት ይረፍ። ሁለተኛ ቀዱልኝ፤ ሦስተኛም ጨመሩልኝ። ያን ቀን ስንቀጠቀጥ ዋልኩ፤ እንቅልፍም በዓይኔ አልዞረ። በማግሥቱ «ገና አልረካም» ተባለና ከበፊቱ የጠቆረ ተቀዳልኝ። በተንቀጠቀጥኩ ቁጥር ቡና፣ ቡና በጠጣሁ ቁጥር መንቀጥቀጥ። ለደግነታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ከራሳቸው ፍንጃል እየቀነሱ ነበር የሚሰጡኝ።

እየቆየ ሰውነቴ ጥቂት ለመደው። ልቤ እንደ መጀመሪያው አልዘለለም፤ እጄም አንዳንድ ቀን ያርፋል። ተገላገልኩ ብዬ ሳልጨርስ አንድ ረቡዕ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾም አፌን አስሬ ሽሮ እየነፋሁ ሳለ፣ ከዓይኔ በላይ የሆነ ነገር ይወቅረኝ ጀመር። ረፋዱን አላስቀመጠኝም። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጠምጥሜ መደቡ ላይ ወጣሁና ብርሃኑን ሸሽቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እንደዞርኩም አወቅኩት። ይህን አተኛኘት አውቀዋለሁ። ከኋላ ሆኜ ሳየው ነው ያደግሁት።

ዓርብም ደገመኝ። እሑድ ደግሞ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥቼ ከጽድ ሥር ተቀመጥኩ፤ ሴቶቹ ከደጀ ሰላሙ ሆነው ሲያዩኝ አየኋቸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጾም የሚጠላው ነገር ቤቱን ለቅቆ ልጅቱ ቤት ገባ አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ከሌላው ሰው ይልቅ ያመንኩት እኔ ነኝ። ውሃ ስቀዳ ከኋላዬ ሰው ያለ ይመስለኛል። ስፈትል እንዝርቱን የምታሾረው እጅ የእኔ ሳትሆን የእሷ ትመስለኛለች። እናቴን እወዳት ነበር፤ ግን ፈራኋት። የገዛ እናትን መፍራት ምን ያህል እንደሚመር የቀመሰው ያውቀዋል።

ባለቤቴ ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ከገበያ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና «መስቀል ይለፍ ብቻ፣ ጠበል እወስድሻለሁ፤ አይዞሽ» አለኝ። የጠበሉን ስም ሲጠራ እናቴ የቀረችበት ነው። ለእሱ ማጽናናቱ ነበር። እኔ ግን የሞት ቀኔን ቆርጦ የነገረኝ መሰለኝ። መስቀል እንዳይደርስ ጸለይኩ።

በዚያው ሰሞን አባቴን ወባ ጣላቸው የሚል መልእክት መጣ። ወንዙ ሳይሞላ ብዬ ሄድኩ፤ ደርሼ ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ ርብና ጉማራ ሞሉ። ሜዳው ባሕር ሆነ። ከጉብታችን የሚወጣም የሚገባም በታንኳ ነው። እኔ ከወዲህ መደብ፣ አባቴ ከወዲያ መደብ ተኛን። እሳቸው በወባው ይንዘፈዘፋሉ፤ እኔ ራሴን ይዤ አቃስታለሁ። ደግሞ ይኸኛው ራስ ምታት ከቶም ረቡዕና ዓርብ የሚባል ነገር አላወቀም። ሰኞም ነው፤ ማክሰኞም ነው። በዚያ ቤት ቡና እንደሌለ ልብ አላልኩም። ማን ልብ ይላል? ቡናውማ መድኃኒቴ ነበር።

አባቴ ማቃሰቴን ሲሰሙ አወቁት። እሳቸውም ሰምተውት ያውቃሉና። ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ተንፏቀው መጡና በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ራሴን ይዘው ዳዊት ይደግሙ ጀመር። ጉልበት ሲያጥራቸው ያርፋሉ፤ ነፍስ ሲገዙ ይቀጥላሉ። ያን ሁሉ ቀን አልተዉኝም። አንድ ጠዋት ስነቃ ራሴ ቀልሏል። ከጣሪያው ቀዳዳ የገባው ፀሐይ እንኳ አልወጋኝም። ሳምንቱ አለፈ፤ ረቡዕ ሆነ፣ ዓርብ ሆነ፤ ምንም የለም። አባቴ እንደ ልጅ አለቀሱ።

«ለቀቀሽ ልጀ» አሉኝ። «ለእናትሽ ያልሆነው ለአንች ሆነ።»

እኔም አመንኩ። እግዚአብሔርንም አባቴንም አመሰገንኩ።

ውሃው ሲጎድልና ጭቃው ሲጠና፣ ወደ ወረታ ከመመለሴ በፊት ጎረቤት ልሰናበት ወጣሁ። ከጉብታው ጫፍ የሙስሊም ሸማኔ ቤት አለ፤ ባልየው ሞቶ ባልቴቷ ብቻ ቀርተዋል። እናቴ የፈተለችውን ድር የምታደርሰው ለእነሱ ነበር። ገና ጠዋት ነበርና ቡና ይዘው ደረስኩባቸው። አይሆንም አልኩ፤ አሮጊት ስትለምን ግን እምቢ ማለት ከበደኝና ተቀበልኩ። ብዙም ሳይቆይ ያው ልቤ ተነሣ፤ ያው ፍንጃል ይንቀጫቀጭ ጀመር። አንገቴን ደፍቼ ማነህ እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

አሮጊቷ ሳቁ። «ባዶ ሆድሽን ነሽ መሰል! እናትሽም እንዲሁ ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን ፍንጃሉን እላየ ላይ ነው ያፈሰሰችብኝ።»

«የኔ እናት?»

«እኮ የአንች እናት! ድሩን ይዣለሁ እያለች ትመጣና እዚችው ተቀምጣ ትጠጣለች። ጠዋት ጠዋት አትቀርም ነበር፤ የምትቀረው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው፣ ጾም ነዋ። እሑድም ቅዳሴ ናት።»

«ራሷን ያማት እንደነበርስ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ምነው አያማት! የለመደ ሰው ሲያጣው ያመዋል። እኔስ ረመዳን ሲገባ ራሴን ፈልጦኝ አይዶል የምውለው?»

እንደ ቀላል ነገር ነበር የተናገሩት። ጠበል የወሰዷት ለዚያ መሆኑን አልሰሙም ነበር፤ ወባ መስሏቸው ኖሯል። መሪጌታ እንዳይሰሙ ብላ በልጆቻቸው ስላስማለቻቸውም እስከ ዛሬ ለሰው አልተነፈሱም። እኔ ግን እየሰማኋቸው የራሴን ቀኖች አንድ በአንድ አነሣሁ፤ ረቡዑን፣ ዓርቡን፣ የቅዳሴውን ጽድ፣ በአባቴ ቤት ያለ ቡና የሰነበትኩበትን ሳምንት። ሁሉም በየቦታው ገባ። ከኋላዬ የቆመ ሰው አልነበረም። እናቴም ላይ ማንም አልነበረም። ቡና የለመደች ሴት ነበረች፤ ሌላ ምንም።

ቢሆንም እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ። ወረታ ተመልሼ በራሴ ላይ ሞከርኩት። ቂጣዬን በተልባ ሳልበላ ቡና አልቀምስም አልኩ። አቦሉን ለወደደው ትቼ ቶናውን ብቻ፣ እሱንም አንድ ፍንጃል። ጾም ሲቀርብ ደግሞ አስቀድሜ እያቀጠንኩ እቀንሳለሁ። እጄ አረፈ፤ ራሴም ረቡዕን ከማክሰኞ መለየት ተወ። ባለቤቴ የጠበሉን ነገር ዳግም አላነሣም። አማቴን ቡናው ነው ብዬ ባስረዳቸው አሁንስ በጀ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁና «ውቃቢው ረክቶ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠገብኩት» አሉ። ተውኳቸው።

አባቴን ግን መተው አልቻልኩም። እናቴ በሰው አፍ ጾም የሚጠላ ነገር ያለባት ሆና መቅረቷ አንገበገበኝ። ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ፣ ከበዓሉ ማግሥት አባቴ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አሮጊቷ ምስጢሩን እንድናገር ፈቅደውልኝ ነበር። አባቴ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ከሸማኔው ቤት?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ አባየ።»

«ቡና?»

«ቡና ነው።»

ዓይናቸውን ወደ ሜዳው መለሱ። ከብቱ ውሃው የተወውን ሣር ይግጣል። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ወይ ይቆጡኛል ብዬ።

«ነግራኝ ቢሆን ኖሮ እሰዳት ነበር» አሉ። «ቡና የምትጠጣ ሴት መሪጌታ ቤት አትቀመጥም።»

ደሜ ፈላ። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው ሴት ተነሥቼ ቆምኩ። «እንግዲያ መደበቋ ልክ ነበራ!» አልኳቸው። «ከሞተችም በኋላ አይምሯትም?»

«ተቀመጭ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «አልገባሽም። እሰዳት ነበር እኮ ነው የምልሽ። ሽማግሌ ጠርቸ፣ ድርሻዋን ሰጥቸ፣ ይፋግ እናቷ ቤት እሰዳት ነበር። ጠበሉ ላይ ራሴ ነኝ እግሯን የያዝኳት። ይብቃኝ፣ በረደኝ ስትል ይኸ እሷ አይደለችም፣ የሚጮኸው እሱ ነው አልኩ። ወባውም እዚያው ያዛት።»

እጃቸውን ያዝኩት።

«ይፋግ ብሰዳት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች» አሉኝ።