ባዶው ኮርቻ

አባቴን እንኳ ሳልቀብር አርባ ዓመት ወደ ራቅሁባት እንጅባራ የተመለስሁት የፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ ነው። “ለካሜራ የሚደረግ ግልቢያ” እያልሁ ልምምዱን ለማየት ሜዳ ወጣሁ። ፈረሶቹ ሲመጡ ምድሩ ተናወጠ፤ ከዘራዬ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ከመካከላቸው አንዱ ሙሉ ጌጥ ለብሷል፤ ሰው ግን አልተቀመጠበትም።

“ጋላቢውን የት ጣላችሁት?” አልሁ ላሽሟጥጥ።

“ሞቷል፣ እማማ” አለ ልጓሙን የያዘው ጎልማሳ። “እኛ ዘንድ የሞተ ፈረሰኛ ቦታ ልጁ እስኪቀመጥበት አይሞላም። በየዓመቱ ፈረስ እንጭንለታለን። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ለቀብሩም አልመጣች።”

ስሙን ጠየቅሁ። የአባቴን ስም ነገረኝ።

“እኔ ነኝ” ማለት አቃተኝና “ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው” አልሁት።

ትኩር ብሎ አየኝ፤ እርካቡንም ያዘልኝ።

“ፈረሱ መቼ ዕድሜ ጠየቀዎት?”