ከተጂ የሚላከው ጤፍ

ሰው «ታታሪ ነው» ሲለኝ ያቅለሸልሸኛል። ማመስገናቸው ነው፣ አውቃለሁ። ሰበታ ውስጥ መታወቂያዬ እሱ ነበር፦ እሑድን ከሰኞ የማይለየው፣ በዓል የማያስቆመው ባለ ወፍጮ። እኔም ስሰማው እንደተሾመ ሰው ደረቴን እነፋ ነበር። ኤጭ! ያን ደረት ዛሬ ባገኘው እተፋበት ነበር።

ወፍጮ ቤቴ ጅማ መንገድ ዳር ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እከፍታለሁ፣ የምዘጋው የመጨረሻዋ ሴትዮ ዱቄቷን ተሸክማ ስትወጣ ነው። ምሳዬን በቁሜ ነው የምበላው። በግራ እጄ ጆንያ ደግፌ በቀኜ እጎርሳለሁ። ወጡ ላይ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ እሱንም አብሬ እውጠዋለሁ። ስስል የሚወጣኝ አክታ ሊጥ ይመስላል፤ ይቅርታ፣ ግን እንደዚያ ነበር። ባለቤቴ ትራሴን አውጥታ ስታራግፈው ግቢው ይነጣል። «አንድ ቀን አንተኑ አቡክቼ ነው የምጋግርህ» ትለኛለች። እስቃለሁ። ቀልድ መስሎኝ።

ሁለት ጊዜ ሠራተኛ ቀጥሬ ነበር። ሁለቱንም አባረርኳቸው። አንዱን ጤፍ አሻከረ ብዬ ነው። ሌላውን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከኔ የተሻለ ሲያልመው ስላየሁ ነው። ሰዎች «የበፊቱ ልጅ የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ አንጀቴ እርር አለ። እኔ ከሌለሁ ይህ ቤት አይሠራም ማለት ይጣፍጠኝ ነበር። የወፍጮው ድንጋይ እንኳን ሲደነዝ ይቆማል፣ ተገልብጦ በመዶሻ ይወቀራል፣ ስለቱ ይመለሳል። እሱ ሲቆም የምወቅረው እኔ ነኝ፣ እና ያቺን ግማሽ ቀን ለባለቤቴ «ዛሬ እረፍት ላይ ነኝ» እላታለሁ። በመዶሻ ድንጋይ እየቀጠቀጥኩ!

አባቴ ተጂ ነበር የሚኖረው። ገበሬ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አንዲት ዘመዳችን እየመጣች ታበስልለታለች እንጂ ብቻውን ነው። ዓይኑ መጨለም ጀምሮ ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ የማስተር ፕላን ወሬ አገሩን አምሶታል። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ መሬት ሊለካ ነው፣ ገበሬ ሊነሳ ነው ይባላል። ፉሪ ያለ አንድ ወዳጁ፣ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ በተሠራ ግቢ ዘበኛ ሆኖ መቀጠሩን ከሰማ ጀምሮ አባቴ እህል አልበላ አለው።

የመሬታችንን ወሰን በትክክል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ሌላ፣ መሬቱ ላይ ያለው ሌላ። የተቀበረ የወሰን ድንጋይ አለ፣ ውሃ የበላው ቦይ አለ፣ ተቆርጦ ጉቶው የቀረ ብሳና አለ። በአንድ በኩል የሚያዋስነን ሽማግሌ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር በአንድ ክንድ መሬት ተካስሰው ሁለት ክረምት ሙሉ አልተነጋገሩም። የአገር ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቋቸው እንጂ ደም ሊፋሰሱ ነበር። ስለዚህ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ይለምነኛል። «ለኪዎቹ ሲመጡ መሬታችሁ የት ድረስ ነው ብለው የሚጠይቁት አንተን ነው። ምን ልትላቸው ነው? ዓይኔ ሳይጠፋ ና። አንድ ጊዜ አብረን እንዙረውና ላሳይህ።»

አንድ ጊዜ። ከሰበታ ተጂ በሚኒባስ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው።

ይደውላል። «ኮቱ! ና አንተ ልጅ!» ብሎ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጮህብኛል በስልክ። እኔም መልሼ እጮሃለሁ፦ «አይሰማም! ወፍጮው እየሠራ ነው! ማታ እደውላለሁ!» ማታ ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይጥለኛል። በሁለት ሳምንት አንዴ ትዝ ካለኝ ደውዬ «ይህን የፆም መያዣ ግርግር ልለፈውና» እለዋለሁ። ከፆም መያዣ ቀጥሎ የፋሲካ አለ። ከፋሲካ ቀጥሎ የሠርግ አለ። በወፍጮ ቤት ግርግር መቼ አልቆ ያውቃል?

በየወሩ አንድ ጆንያ ጤፍ በሚኒባስ ይልክልኛል። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፍጨውና ይዘህልኝ ና።» እኔ ምን አደርጋለሁ? ከወረፋው ሁሉ አስቀድሜ፣ ድንጋዩን አስተካክዬ፣ በጣቶቼ መሃል እያሸሁ ልመቱን እየለካሁ እፈጭለታለሁ። የጆንያውን አፍ በራሴ ቋጠሮ አስሬ፣ ለዚያው ሹፌር እሰጥና እመለሳለሁ። የልጅነት ግዴታዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ለደንበኞቼ እጎርርበታለሁ፦ «አባቴ እንኳ ከተጂ ድረስ እኔ ጋ ነው የሚያስፈጨው!»

ባለቤቴ አንድ ቀን ሰምታኝ «ተጂ ወፍጮ የለም እንዴ?» አለችኝ።

«አለ እንጂ! እንደኔ የሚያልም የት ያገኛል?» አልኳት። አየት አደረገችኝና ሳህኑን አንስታ ወጣች።

ከዚያ ረብሻው መጣ። ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘጉት፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ሱቅ እንዳይከፈት አድማ ተጠራ። ከወዲያ በኩል የተኩስ ድምፅ ይሰማል። የሰፈራችን ሰው በር ዘግቶ ተቀመጠ፣ እኔም ዘጋሁ። ወፍጮ ቤት ከፍቶ አድማ የሚሰብር ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ። እና ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? የሰው ልጅ ደጅ ላይ እየወደቀ፣ እናቶች እየጮኹ፣ እኔ የሚያንገበግበኝ የቆመው ወፍጮዬ ነበር። ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ታመሃል?» አለችኝ። ጤነኛ ሆኜ በቀን ቤት ውስጥ አይታኝ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ደወለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወፍጮ ጩኸት ድምፁን ሰማሁት። ቀጥኗል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ትንሽ ደረቴን ይዞኛል፣ ምንም አይደለም» አለኝ። «መንገዱ ሲከፈት ና። አሁን እንዳትመጣ፣ በጭንቅ እንዳትወጣ።» ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማለች።

«መንገዱ እንደተከፈተ ያን ቀን እሄዳለሁ» አልኳት። «አባቴ ይሙት!»

«ተው፣ በሱ አትማል» አለችኝ።

መንገዱ ረቡዕ ጠዋት ተከፈተ። ልብሴን ቀይሬ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱን በዚያው ሳልፍ ልየው ብዬ ስጠጋ፣ በሩ ላይ ሰው ጆንያውን ደርድሮ ይጠብቀኛል። አምስት ቀን ዱቄት ያጣ ሰፈር! «መጣልን! መጣልን!» ብለው ተንጫጩ። ያቺን «መጣልን» ስሰማ አንዳች ነገር ልቤን አሞቀው። እንደ ውሻ ጭራዬን ቆላሁ ብል ይቀላል። «ለዛሬ እነዚህን ላስተናግድና ነገ በጠዋት» አልኩ። ሸሚዜን አውልቄ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።

ቀኑን ሙሉ ፈጨሁ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። ሰው እየገባ ይጣራል፣ እኔ እንደ ልማዴ ሳልዞር «ወረፋ ያዙ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሐሙስ ጠዋትም «እነዚህን ብቻ» አልኩ። ወደ ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እጇን ዘርግታ ማጥፊያውን ተጫነችው። ድንጋዩ እያጉረመረመ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ፊቷን አይተው ገባቸውና ማልቀስ ጀመሩ። ከኔ ቀድመው።

ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። መንገዱ ወለል ብሎ ክፍት ነበር። ድንጋዮቹ ወደ ዳር ተገፍተዋል፣ አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ምልክት ብቻ አለ። ተፍኪ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም፣ ቆሎ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን እያንኳኩ ይስቃሉ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።

ቀብሩ እኔን ሲጠብቅ ነበር። በሕይወቱ ስንት ዓመት የጠበቀኝ ሰውዬ፣ ሬሳውም ጠበቀኝ። ድንኳን ውስጥ ስገባ ቅንድቤ ላይ ዱቄት አለ። ሰዎች ተነስተው አቀፉኝ። «ወይኔ ልጄ፣ በምን ይምጣ፣ መንገድ ተዘግቶበት!» አሉ። አንዷ ለሌላዋ ትነግራታለች፣ ያቺ ደግሞ ለቀጣይዋ። ሁሉም ያዝንልኛል። እኔስ ምን አልኩ? «አዎ... መንገዱ...» አልኩና አለቀስኩ።

እንትፍ! በዚያ ድንኳን ውስጥ ልጁ የታሰረበት አባት ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ወንድሟ የወደቀባት ሴት ነበረች፣ ከኔ ጎን ተቀምጣ ጀርባዬን ታሻለች። የነሱን መከራ ወስጄ ለስንፍናዬ መሸፈኛ አደረግኩት። አይ፣ ለስንፍና እንኳ አይደለም፣ ለትጋቴ ነው። ብዙ መጥፎ ነገር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል የሚያስጠላኝ ግን የለም። ባለቤቴ ሰምታለች። ያንን መሐላዬን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

በሰልስቱ ማግስት ጎተራው አጠገብ ያለውን ጓዳ ከፈትኩ። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ጆንያዎች አሉ። ቋጠሮውን አወቅኩት፤ የራሴ ቋጠሮ ነው። አንዱም አልተፈታም። አንዱን ፈታሁ፤ የሻገተ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ ዱቄቱ ውስጥ ነቀዝ ይርመሰመሳል። የምታበስልለት ዘመዳችን ከኋላዬ ቆማ ነበር። «እዚሁ ተጂ ነው የምናስፈጨው» አለችኝ። «ያንን ግን ልጄ ራሱ ሲመጣ ትፈቺዋለሽ እያለ እንዳልነካው ከለከለኝ።» ጆንያውን መልሼ በዚያው ቋጠሮ አሰርኩት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አዋሳኛችን፣ ከአባቴ ጋር የተካሰሱት ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «አካም» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና «ተነስ» አሉኝ። «ወዴት ኦቦ?» ስላቸው «ወሰንህን ላሳይህ» አሉ።

መሬቱን ዞርን። ጥቁሩ መረሬ አፈር ጫማችንን እየያዘ። ሽማግሌው እያንዳንዱን ምልክት በዱላቸው ይነኩታል፦ ጉቶውን፣ ቦዩን፣ የተቀበረውን ድንጋይ። በሳቸው በኩል ያለው ወሰን ላይ ስንደርስ አንድ ክንድ እንኳ ወደኛ አልገፉም። በዚያ የተካሰሱበት ቦታ ላይ ቆመው «ይሄ የናንተ ነው» አሉኝ።

«ኦቦ፣ ይህን ሁሉ በምን አወቁት?» አልኳቸው።

«በአድማው ጊዜ አባትህ ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ። ሌላ ማንን ያዙር?» አሉ። ዱላቸውን አፈሩ ላይ ተከሉ። «ስማኝ። ረቡዕ ዕለት ለሱ መድኃኒት ልገዛ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሰበታ መጥቼ ነበር። ወፍጮ ቤትህ ገብቼ ጠራሁህ። ደግሜ ጠራሁህ። ወረፋ ያዙ አልከኝ።»

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። ድንኳን ውስጥ «መንገዱ» ስል እሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር።

«ለምን ዝም አሉ ኦቦ?»

«ለቅሶ ቤት ሰው አይዋረድም» አሉ።

መጠየቅ አልፈለግኩም ነበር፣ ግን ጠየቅኩ። «ለአባቴስ ነገሩት?»

«ማታ ስገባ መንገዱ ተከፈተ ወይ አለኝ። ተከፍቷል አልኩት። ልጄስ አለኝ። ወፍጮው ሰው በዝቶበታል፣ ነገ ይመጣል አልኩት።»

«ምን አለ?»

ሽማግሌው ወደ መሬቱ ተመለከቱ። «ይፍጭ አለ። ሰው ዱቄት አጥቷል፣ ይፍጭ። ሲመጣ ወሰኑን አንተ አሳየው አለኝ።»

ከዚያ ዱላቸውን ነቅለው ወደሚቀጥለው ድንጋይ ሄዱ፤ እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ።